ትንሹ ሆስፒታል ወይስ ትልቁ? የሰሜን ሸዋ ታካሚዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከመንዝም ይምጣ ከይፋት፣ ከመርሐቤቴም ይምጣ ከምንጃር፣ ታካሚውን ካርድ ሳያወጣ ጀምሮ የሚያስጨንቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «እዚሁ ልታከም ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ?» ለዓመታት በነርስነት፣ በኋላም ሪፈር በሚጻፍበትና በሚቀበሉበት ቢሮ ስሠራ ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ቀን የለም። ኮሪደር ላይ ቆሜ በሁለት ቃል ስመልሰው የኖርኩትን እዚህ ረጋ ብዬ ጽፌዋለሁ።

ትልቅ ሆስፒታል ሁልጊዜ ይሻላል የሚባለው እውነት ነው?

ለአንዳንድ ሕመም እውነት ነው፤ ለብዙው ግን አይደለም። ልዩነቱን የሚያመጣው ያንን ሕክምና እዚያ ቤት ውስጥ ምን ያህል ደጋግመው ይሠሩታል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 12 ዓይነት ቀዶ ሕክምናዎችን ወደ 1,500 በሚጠጉ ሆስፒታሎች ተከታትሎ ነበር። ልብን ከፍቶ መጠገንና የትልልቅ ደም ሥሮች ቀዶ ሕክምናን የመሳሰሉት በዓመት 200 ጊዜና ከዚያ በላይ በሚሠሩባቸው ሆስፒታሎች፣ ጥቂት ከሚሠሩት ይልቅ ሞቱ ከ25 እስከ 41 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሐሞት ከረጢት ማውጣት ላይ ግን ብዙ የሚሠራውና ጥቂት የሚሠራው ሆስፒታል በሞት መጠን አልተለያዩም። ይህ ጥናት ከወጣ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶችም በጥቅሉ ያንኑ ይናገራሉ፦ ሥራው ሲከብድና ሲረቅቅ የለመደ እጅ ያስፈልጋል፣ የተለመደ ሥራ ሲሆን ግን የተደራጀ ትንሽ ቤትም በደንብ ይወጣዋል።

ወደ እኛ ሰፈር ላምጣው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ሲገባ የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ባለሙያ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሮ ወባ ሲፈልግ ነው የሚውለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ወባ የሚታየው በአብዛኛው ከቆላ በመጣ ሰው ላይ ነው። ወባ ቢይዘኝ እኔ ራሴ ሸዋ ሮቢት መታከምን እመርጣለሁ። የልጄ ልብ ላይ ቀዳዳ አለ ቢሉኝ ደግሞ ዛሬውኑ ሪፈር አስጽፌ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ወዳለው የልብ ማዕከል መንገድ እጀምራለሁ።

ለመሆኑ ትንሽ የሚባለው የትኛው ነው? ትልቁስ?

የአገራችን የጤና አደረጃጀት ሦስት እርከን አለው። ከታች ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አሉ። ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግሉ ታስበው የተቋቋሙ ናቸው። መካከል ላይ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ የታሰበለት ጠቅላላ ሆስፒታል አለ። ላይኛው ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ የሚጠብቀው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ቁጥሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ላይኛው ቤት የተሠራው ከሚሊዮኖች መካከል ታች ያልተቻለውን እንዲይዝ ነው፤ ጉንፋንና ትውከት ይዘን ስንሄድ የምንሰለፈው ከካንሰርና ከኩላሊት ታካሚ ጋር ነው ማለት ነው።

በዞናችን እንደ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አሬርቲና መሐል ሜዳ ያሉት ሆስፒታሎች ሕዝቡ «ትንሹ» የሚላቸው ናቸው። ዓለም ከተማ ላይ በሰዎች ለሰዎች ድርጅት ድጋፍ የተሠራው እናት ሆስፒታል አለ። ደብረ ብርሃን ላይ የደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው ሐኪም ግዛው ሆስፒታል አሉ። «ትልቁ» ሲባል ግን ብዙው ሰው በሐሳቡ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ጥቁር አንበሳን ወይ ጳውሎስን ነው የሚያየው። በመካከል ደብረ ብርሃንን ዘሎ ያልፋል። ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚባክነው እዚህ ዝላይ ላይ ነው።

አዲስ አበባ መታከም ስንት ያስወጣል? ከቅርቡ በምን ይበልጣል?

የሆስፒታሉን ክፍያ ብቻ ካዩ ተታለሉ። በመንግሥት ተቋማት የካርድ፣ የምርመራና የአልጋ ዋጋ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታልም ወደ ላይኛው እርከን ሲወጣ ይጨምራል፤ ባለሙያውም መሣሪያውም ስለሚበዛ ነው። ቤተሰብን የሚጎዳው ግን ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ያለው ወጪ ነው።

የመንዝ ሰው የሆነው አጎቴ ከዓመታት በፊት ጎኑን ሲወጋው፣ ሐሞት ጠጠር ነው ተባለ። ጎረቤት «እዚህ አትቀደድ፣ አዲስ አበባ ሂድ» አለው። ሪፈር ሳይዝ፣ ሁለት ልጆቹን አስከትሎ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቀጠሮ ለቀጠሮ ሲንከራተት ከርሞ በመጨረሻ አንድ ሐኪም «አባት፣ ይህ እኮ እናንተም ጋ ይሠራል» ብሎ መለሰው። ቀዶ ሕክምናው የተሠራለት እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው፤ ደህና ነው፣ ዛሬም ያርሳል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ደረሰኞቹን በፌስታል ቋጥሮ አምጥቶ ነበር፤ ማታ አጎዛ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ ለየናቸው። የሆስፒታሉ ደረሰኝ ሦስት ብቻ ነው። የተቀረው የላምበረት መነሃሪያ የመኪና ትኬት፣ የቤርጎ ኪራይ፣ የሦስት ሰው ምግብ፣ የታክሲ፣ ከዚያም እዚህ አልትራሳውንድ ተነስቶ እያለ ውጤቱን ቤት ስለረሳው እንደገና የተነሳበት ክፍያ ነው። እሱ በብር አልቆጠረውም፤ «አንደኛው በግ መንገድ ላይ አለቀ፣ ሁለተኛው አልጋ ላይ፣ ሦስተኛውን በሆዳችን በላነው» አለኝ። የቀሩት ልጆች ደግሞ ገብሱን ያለ አባት አጭደው ሰበሰቡ።

ስለዚህ ዋጋ ሲያነጻጽሩ እነዚህን ይደምሩ፦ የደርሶ መልስ መጓጓዣ በአስታማሚው ብዛት ተባዝቶ፣ ቀጠሮው ስንት ጊዜ ያመላልሳል፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የሚቀረው ሥራ። ከዚያ በኋላ የካርዱና የመድኃኒቱ ዋጋ ይጨመርበት። አዲስ አበባ ዘመድ ካለዎት ቀላል ይመስላል፤ ዘመድ ግን ሦስት ቀን በፍቅር ይዞ በአራተኛው ይጨነቃል፤ ጠባብ ቤት ስለሆነ ነው፣ አይፈረድበትም።

ለወሊድ የት ልሂድ? የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ ደብረ ብርሃን ይሻላል ይሉኛል።

በወሊድ ጉዳይ ከሁሉም የሚበልጠው ቅርበት ነው። እናት ከወለደች በኋላ ደም ሲፈሳት የሚቆጠረው ሰዓትና ደቂቃ ነው። የጤና ባለሙያዎች ሦስት መዘግየቶች የሚሏቸው ነገሮች አሉ፦ ቤት ውስጥ «እንሂድ አንሂድ» እየተባለ የሚጠፋው ጊዜ፣ መንገድ ላይ የሚጠፋው፣ ተቋሙ ከደረሱ በኋላ የሚጠፋው። ትልቁ ሆስፒታል ሦስተኛውን ሊያሳጥር ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን ያረዝማል። ከጣርማበር ማዶ ወይም ከጀማ ሸለቆ ወዲያ ያለች እናት ምጥ ከጀመራት በኋላ ደብረ ብርሃን እደርሳለሁ ብላ መነሳት የለባትም።

እርግዝናው ጤነኛ ከሆነ ጤና ጣቢያ መውለድ ይቻላል። አዋላጇ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ደም እንዳይፈስ ወዲያው የሚሰጠው መርፌም እዚያው አለ። ቀድሞ በቀዶ ጥገና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ደም ግፊት የታየባት፣ በእርግዝናዋ ወቅት ደም የፈሰሳት፣ ልጁ በእግሩ ወይም በቂጡ የመጣባት እናት ግን ቀዶ ጥገና በሚሠራበት ሆስፒታል አጠገብ ሆና ቀኗን መጠበቅ አለባት። ይህም ደብረ ብርሃን ካልሆነ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አገራችን የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ እያሠለጠነች በየመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ መድባለች። ስፔሻሊስት ሐኪም አይደሉም፤ ነገር ግን በቀዶ ጥገና ማዋለድና ትርፍ አንጀት ማውጣት የዕለት ተዕለት ሥራቸው ነው። ከላይ ስለ ለመደ እጅ ያልኩትን ያስታውሱ።

የእናቶች ማቆያ ያለበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ከሆነ ቀኑ ሲቃረብ ገብቶ መጠበቅ ነው። አንድ ጊዜ ከተራራ ማዶ የመጣች ነፍሰ ጡር ማቆያው ውስጥ አሥራ ሁለት ቀን ስትቀመጥ አይቻለሁ። እናቷ ጓዳዋን ሁሉ ተሸክማ የመጣች ይመስል ገንፎ ስትገነፋ፣ ቡና ስታፈላ፣ የሌሎቹን ሴቶች ጀርባ ስታሽ ከረመች። ልጅቷ ምጥ ሲይዛት ከማቆያው እስከ ማዋለጃው ሃምሳ እርምጃ ነው የተራመደችው። ማኅፀኗ አልጠነክር ብሎ ብዙ ደም ፈሰሳት፤ ከመንደሯ ብትነሳ ኖሮ አትደርስም ነበር። ያን ቀን ያተረፋት ያ ሃምሳ እርምጃ ነው።

ወሊድ በመንግሥት ተቋማት ነፃ ነው፤ የእርግዝና ክትትሉም እንዲሁ።

የጤና መድህን አባል ነኝ። ሪፈር ሳልይዝ በቀጥታ ብሄድ ምን አለበት?

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ከተጀመረ ወዲህ በገጠሩ ብዙ ነገር ለውጧል፤ አባልነቱ በቤተሰብ ስለሆነ አንዱ ቢታመም በሌላው መዋጮም ይታከማል። ነገር ግን መድህኑ የሚሠራው በመሰላሉ ነው፤ መጀመሪያ ውል ያለበት ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ ሆስፒታል። መሰላሉን ዘለው አዲስ አበባ ከገቡ ዓመቱን ሙሉ የከፈሉለት ደብተር እንደሚገባው ሳያገለግልዎት ከኪስዎ ሊከፍሉ ነው። ድንገተኛ ሕመምና ወሊድ ከዚህ ይለያሉ፤ ለእነሱ ቅርብ ያገኙት በር ይግቡ።

ሦስት ነገር ልጨምር። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ጥገናና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም። ሆስፒታሉ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ካለዎት ማዘዣው ላይ አለመኖሩ ተጽፎ ማኅተም እንዲመታበት ይጠይቁ፤ ሕጋዊ ደረሰኝም ይያዙ፤ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ የወረዳው መድህን ጽሕፈት ቤት ይነግርዎታል። እድሳቱ የሚደረገው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ያ ጊዜ አልፎ ደብተራቸው ሳይታደስ የታመሙ ሰዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ እባክዎ አይርሱት።

መዋጮውን መክፈል የማይችል ሰውስ?

ቀበሌው የመጨረሻ ድሃ ብሎ ለመረጣቸው ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ምርጫው የሚደረገው በነዋሪው ፊት ስለሆነ፣ ጎረቤትዎ አቅመ ደካማ ከሆኑና ስማቸው ካልተነሳ እርስዎ ያንሱት። ከዚህ ውጭ የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የቤተሰብ ምጣኔና የሕፃናት ክትባት ለማንም ነፃ ናቸው፤ ትልቅ ሆስፒታል ሄደው የሚያገኙት መድኃኒት ከጤና ጣቢያው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

የትንሹን ሆስፒታል ጥራት እኔ በምን አውቀዋለሁ? ሐኪም አይደለሁም።

ብዙ ነገር በዓይን ይታያል። ባለሙያው ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሲያልፍ እጁን ይታጠባል ወይ? ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ በጠና የታመመው ቀድሞ ይታያል ወይስ ቀድሞ የመጣ? ኦክስጅን ሲሊንደሩ ሙሉ ነው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል? ሌሊት ተረኛ ሐኪም አለ?

ቀዶ ጥገና ከሆነ አንድ የሚለዩበት ምልክት ልስጥዎ። ሰመመን ከመውሰድዎ በፊት ስምዎን፣ ምን ሊሠራልዎት እንደሆነና በየትኛው ጎንዎ እንደሆነ እርስዎን ራስዎን ይጠይቁዎታል ወይ? ብዙ ሰው «ስሜን እንኳ አያውቁም» ብሎ ይከፋል። ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚጠይቁት ጠንቃቆች ስለሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ጥገና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ የሚጀምረው በዚህ ጥያቄ ነው። ቅጹ በስምንት ከተሞች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣ ጉዳት ደግሞ ከ11 ወደ 7 በመቶ ወርዶ ነበር። ከስምንቱ አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ናት፤ ከለንደንና ከቶሮንቶ ጎን የቆመች የገጠር ከተማ። ይህን ነገር ለሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ለዚህ ነው፤ አንድ ወረቀትና ለሁለት ደቂቃ መቆም ሕንፃ አይጠይቅም።

ከዚያ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። እኛ አገር ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት ይመስላል፤ አይደለም። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ሕክምና እዚህ አዘውትራችሁ ትሠሩታላችሁ? ደም ቢያስፈልገኝ አለ? ቢከብድ ወዴት ትልኩኛላችሁ?» ይበሉ። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። «ይህ ከአቅማችን በላይ ነው» የሚልዎትን ሐኪም ደግሞ ይመርቁት፤ ለእርስዎ ሲል ክብሩን ወደ ጎን ያደረገ ሰው ነው።

ደብረ ብርሃን የተማሪ ሆስፒታል ነው፤ ተማሪ ይለማመድብኛል ብዬ እፈራለሁ።

ፍርሃቱ ይገባኛል። አንድ አልጋ ዙሪያ ስምንት ነጭ ጋዋን ሲቆም ታካሚው ይሸማቀቃል። ነገር ግን ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ናቸው፤ ከተማሪ ሽሽት አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የሚጠብቀው ከዚያ የበለጠ ተማሪ ነው። እዚህ ከአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ የሚመጡት ልጆች የሚሠሩት በኃላፊ ሐኪም ሥር ነው፤ ብዙ ጊዜም የሕመሙን ታሪክ ሲቀበሉ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። የእርስዎ መብት ሁለት ነው፤ ኃላፊ ሐኪሜ ማን ነው ብሎ ማወቅ፣ እንዲሁም ሰውነቴን ይህን ያህል ሰው አይየው ማለት። ሁለተኛውን በተለይ ለእህቶቻችን ነው የምናገረው።

የግል ሆስፒታልስ? ውድ ስለሆነ ይሻላል ማለት ነው?

ዋጋው ፍጥነትን፣ ንጹሕ አልጋንና ትሕትናን ሊያመጣ ይችላል። የሐኪሙን ችሎታ ግን አይጨምርም፤ ቀን መንግሥት ቤት ያየዎት ሐኪም ማታ የግል ክሊኒክ ሊያገኙት ይችላሉ። አንዳንድ የመንግሥት ሆስፒታሎችም ከሥራ ሰዓት ውጭ በተሻለ ክፍያ የሚያክሙበት የግል ክንፍ አላቸው፤ ስለ እሱ መጠየቅ ይቻላል። የግል ቤት ከመረጡ ከመተኛትዎ በፊት ጠቅላላ ዋጋውን፣ የመድኃኒቱንና የተጨማሪ ቀን አልጋውን ጨምሮ ያስነግሩ። ገንዘቡ መሐል ላይ አልቆ ታካሚ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሲዛወር እንደማየት የሚያሳዝን ነገር የለም፤ ያለው ሁሉ ተሽጦ አልቆ ነው የሚመጣው። ውጤትዎን ሁሉ በእጅዎ ይያዙ፤ ላብራቶሪውን እንደገና ሥሩ ሲባሉም «የትናንቱ ለምን አይበቃም?» ብለው ይጠይቁ።

ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ፤ የት ልከታተል?

ቅርብ። በየወሩ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሚጎዳው ክትትሉ ሲቋረጥ ነው፤ የሚቋረጠው ደግሞ መንገዱ ሲርቅና ሲወደድ ነው። በዓመት አንዴ ለዓይን፣ ለኩላሊትና ለእግር ምርመራ ወደ ሆስፒታል ይላኩ፤ የቀረውን ጤና ጣቢያ ይጨርሱ። ጸበል ለመጠመቅ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ የሚከርሙም መድኃኒታቸውን ይዘው ይሂዱ፤ ሲያልቅ አቅራቢያው ጤና ጣቢያ ደብተራቸውን ያሳዩ። እምነትና ክኒን አይጣሉም፤ ብዙ አባቶችም ይህንኑ ይመክራሉ።

መቼ ነው ሳይውል ሳያድር ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ያለብኝ?

ፊት በድንገት ሲጣመም፣ አንድ ጎን ሲዝል ወይም ንግግር ሲያቅት። ጭንቅላት ተመትቶ ራስ መሳት ወይም ማስታወክ ሲከተል። ደረት ሲጨንቅና ላብ ሲያጠምቅ። ሆድ እንደ እንጨት ሲደርቅ። በመኪና አደጋ አጥንት ሲሰበርና ሲቆስል። በእነዚህ ጊዜ እንኳ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይገባል፤ ደሙን አቁመው፣ ግሉኮስ ሰቅለው፣ ኦክስጅን ሰጥተው፣ የሚቀበለውን ሆስፒታል በስልክ አሳውቀው ይልካሉ። በግል መኪና ኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ በቀጥታ አዲስ አበባ መብረር ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ግን መንገድ ላይ ይደክማል። የወረዳውን አምቡላንስ ይጥሩ፤ የቀይ መስቀል የአምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ካንሰር ነው ቢሉኝስ?

እዚህ ላይ አልከራከርም፤ ወደ ትልቁ ይሂዱ። ጡት ላይ እብጠት፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ ሰውነት፣ ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም ካለ ቅጠል እየለጠፉ ወር አያሳልፉ። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት አገሪቱ ውስጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፤ ወረፋው ረጅም መሆኑም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት የሚቻለውን እዚህ ይጨርሱ። የናሙና ምርመራ፣ አልትራሳውንድና ደም ደብረ ብርሃን ተሠርቶ ውጤቱ በእጅዎ ካለ እዚያ የሚጠብቁት ሳምንት ይቀንሳል። ሕክምናው ለወራት ስለሚያመላልስ የማደሪያውን ነገር ቤተሰብ አስቀድሞ ይምከርበት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሚሄድ ተራ ይግባ።

እኔ አሬርቲ ነኝ። ደብረ ብርሃን ከሚሉኝ አዳማ አይቀርበኝም?

ይቀርብዎታል፤ ብዙ የምንጃር ሰውም ወደዚያው ነው የሚሄደው። የመርሐቤቴም ሰው እንዲሁ በለሚና በሙከ ጡሪ በኩል አዲስ አበባ ይቀናዋል። የዞን ካርታና የመኪና መንገድ አይገጣጠሙም። ሪፈር ሲጻፍልዎት ይህን ለሐኪሙ ይንገሩት፤ የመድህኑ ውል እዚያ እንደሚሠራም ከወረዳው አረጋግጠው ይነሱ።

ሪፈር ተጽፎልኛል። ምን ይዤ ልሂድ?

የሪፈር ወረቀቱ ማኅተም ይኑረው፤ የሕመሙ ስም፣ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ ተጽፎበት እንደሆነ ያንብቡ ወይም ያስነብቡ። የራጅ ፊልም፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ የሚወስዱት መድኃኒት ከነካርቶኑ፣ የመድህን ደብተር፣ መታወቂያ፣ ጋቢ። የሚያስታምም አንድ ሰው፣ ቢቻል ደም ለመለገስ የሚችል። የሪፈር ቢሮው ወደሚቀበልዎ ሆስፒታል ቀድሞ ደውሎ አልጋ እንዳለ ጠይቆ እንደሆነ ሳይነሱ ያረጋግጡ፤ አንድ ስልክ ሳይደወል ቀርቶ አልጋ ሞልቷል ተብሎ የተመለሰ ታካሚ አውቃለሁ፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ታክመው ሲወጡ ደግሞ የሪፈር መልስ ወረቀት ሳይቀበሉ ግቢውን አይልቀቁ። ምን እንደተሠራልዎት፣ ስፌቱ መቼ እንደሚወጣ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚቀጥል ያለው እሱ ላይ ነው። ቤት ሲገቡ ሳጥን ውስጥ አይክተቱት፤ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወስደው ቁስልዎን ለምታጥበው ነርስ ይስጧት።